የተሠራው ሥራ ምን ለወጠ?

ላም የምትመዘነው በቀንዷ ርዝመት አይደለም። በምትሰጠው ወተትና በምትወልደው ጥጃ ነው። በሬም ቢሆን ውሎ በሚያርሰው መሬት ይመዘናል። ይህን ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ያያል፤ ከተቻለም ጠምዶ ይሞክረዋል። ሻጩ «ጎበዝ በሬ ነው» ስላለ ብቻ ገንዘቡን ቆጥሮ አይሰጥም።

የመንግሥት ፕሮግራም ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርገን አንመረምረውም። አንዳንዶቻችን «መንግሥት ያመጣው ነው» ብለን ዝም ብለን እንቀበላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ይኸም ያልፋል» ብለን ትተነው እንቀመጣለን። ሁለቱም አይጠቅሙም። ፕሮግራም ሲመጣ የገበሬው ጉልበት፣ ጊዜ፣ መሬት፣ አንዳንዴም ብድር አብሮ ይገባበታል። ስለዚህ ሥራው ምን እንደ ለወጠ ማወቅ የባለሥልጣንና የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእናንተም ጉዳይ ነው። በዚህ ትምህርት አንድ ፕሮግራም በምን እንደሚመዘን ከአገራችን ምሳሌዎች እንማራለን።

1. ፕሮግራም ማለት ምን ማለት ነው?

ፕሮግራም ማለት አንድን ችግር ለማስወገድ ታስቦ፣ ገንዘብና ሰው ተመድቦለት፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ሥራ ነው። እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከል፣ ማዳበሪያ ማከፋፈል፣ ሕፃናትን ማስከተብ፣ ውሃ ማውጣት፣ ፊደል ማስቆጠር እያንዳንዱ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከፊሉ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ሠራተኛውም ከሚከፍሉት ግብር ነው። ከፊሉ ከውጭ አገር በብድርና በእርዳታ ይገኛል። ብድሩን የምንከፍለው እኛና ልጆቻችን ነን። እንግዲህ «በነፃ መጣ» የሚባል ፕሮግራም የለም ማለት ነው። የከፈለ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይገባዋል።

2. አራቱ ደረጃዎች

አንድ የውሃ ጉድጓድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሥራውን በአራት ደረጃ ከፍለን ማየት እንችላለን።

አንደኛው የገባው ነው። ይኸውም ገንዘቡ፣ ሲሚንቶው፣ ቱቦው፣ የእጅ ፓምፑና የሰው ጉልበት ነው።
ሁለተኛው የተሠራው ነው። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ፓምፑ ተተከለ።
ሦስተኛው የተገኘው አገልግሎት ነው። ንጹሕ ውሃ ወጣ፤ ሰዎችም ከዚያ ቀዱ።
አራተኛው በኑሮ ላይ የመጣው ለውጥ ነው። የሕፃናት ተቅማጥ ቀነሰ፤ ሴቶች ውሃ ፍለጋ የሚሄዱበት ሰዓት አጠረ፤ ልጃገረዶች ለትምህርት ጊዜ አገኙ።

ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሁለተኛው ላይ ነው። «በዚህ ዓመት 10 ጉድጓዶች ተቆፈሩ» ይባላል። ይጨበጨባል። ግን በሁለተኛው ዓመት የስድስቱ ፓምፕ ጎማ ተበልቶ ቢቆምስ? መለዋወጫ የሚገዛ፣ የሚጠግንም ሰው ባይኖርስ? ሪፖርቱ ላይ አሁንም 10 ጉድጓዶች አሉ። ውሃ የሚሰጡት ግን 4 ብቻ ናቸው። ስድስቱ ጉድጓዶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ» እንደሚባለው ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። «ስንት ተሠራ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ስንቱ ይሠራል? ኑሯችንስ ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጨምሩ።

3. የጸደቀውን ቁጠሩ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በሌሎች ቦታዎች ከደረሰው ታላቅ ረኃብ በኋላ በአገራችን ሰፊ የእርከንና የደን ሥራ ተሠርቷል። ሥራው «ምግብ ለሥራ» ይባል ነበር። አንድ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይታሰብለት ነበር። በተራራው ላይ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ። ብዙ ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ። ሪፖርቱ ሲነበብ ያኮራ ነበር።

ግን «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ይባላል። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲለወጥ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ፣ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የጋራ ደን የተባለውም ተቆረጠ።

ለምን? ገበሬው አፈር ሲታጠብ ደስ ስለሚለው ነውን? አይደለም። ምክንያቶቹ ሌሎች ነበሩ። ብዙ ገበሬ ዛፉን «የመንግሥት ነው» እንጂ «የእኔ ነው» አላለውም። መሬቱ ነገ በእጁ እንደሚቆይ እርግጠኛ አልነበረም። እርከኑ ከጠባቧ ማሳ ላይ ቦታ ወሰደ፤ በሬ ለማዞር አስቸገረ፤ አይጥም ገባበት። ሥራው የት እንደሚሠራ ሲወሰን ባለመሬቱ አልተጠየቀም። ብዙው ሰው የወጣው ለስንዴው ነበርና ስንዴው ሲቆም ጥገናውም ቆመ።

አሁን ሌላ እርከን እንመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ የድንጋይ እርከን እየሠራና እየጠገነ ኖሯል። ለዚህ ሥራ ስንዴ የሚሰፍርለት አልነበረም። እርከኑ የባለቤቱ ነው። ልጅ ከአባቱ ተቀብሎ ይጠግነዋል። ይህ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። በትግራይ ደግሞ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሕዝብ ተራራውን ከልሎ፣ እርከንና ክትር ሠርቶ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ እንዲል አድርጓል። ውሃ በጥልቀት ይፈለግበት በነበረ ቦታ በቅርብ ጉድጓድ ተገኘ። በዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የዚህ ቀበሌ ሥራ ትክክለኛው መለኪያ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። የእርከኑ ኪሎ ሜትር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ነገር ግን መትከል ሁለተኛው ደረጃ ነው። በቀበሌያችሁ ችግኝ ተተክሎ ከሆነ ክረምት ካለፈ በኋላ ሂዱና ቁጠሩ። ከ100 ችግኝ ስንቱ ጸደቀ? በሁለተኛው በጋስ ስንቱ ቆመ? ከብት የበላው ስንት ነው? ይህን ለመቁጠር ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ሁለት እግርና አንድ ደብተር ይበቃል።

4. ምርት ጨመረ፤ ገበሬው ምን አገኘ?

በ1987 ዓ.ም. መንግሥት የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ የተባለውን ፕሮግራም በሰፊው ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ተሰጠ። የልማት ሠራተኛ እንዴት እንደሚዘራ ያሳይ ነበር። በተለይ በቆሎ ዝናብ በማያንሰው አካባቢ በጣም ጥሩ ምርት ሰጠ። በኩንታል ብቻ ሲመዘን ፕሮግራሙ ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. እህሉ ሲበዛ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። መንገድ፣ መጋዘንና ገዥ እንደ ምርቱ አልተዘጋጁም ነበር። የማዳበሪያው ብድር ግን ቀኑ ሲደርስ ይጠየቃል። ብዙ ገበሬ እህሉን በርካሽ ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ መግዛት የፈራ ብዙ ነበር። ወዲያው በ1994 ክረምት ዝናብ ጠፋ፤ በ1995 ዓ.ም. ረኃብ ተከተለ።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተሰጡ ናቸው።

አንድ ገበሬ ከግማሽ ሄክታር 8 ኩንታል በቆሎ ያገኝ ነበር እንበል። አንዱን ኩንታል በ100 ብር ሸጠ። 8 ሲባዛ በ100፣ 800 ብር ይሆናል።

በፓኬጁ ገባና 20 ኩንታል አገኘ። ዋጋው ግን ወደ 40 ብር ወረደ። 20 ሲባዛ በ40፣ እሱም 800 ብር ነው። ከዚህ ላይ የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ 500 ብር ከፈለ። በእጁ የቀረው 300 ብር ነው።

ምርቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በእጁ የቀረው ግን ከቀድሞው ከግማሽ አነሰ። ሪፖርቱ ኩንታሉን ብቻ ከጻፈ ደስታ ይሆናል። የገበሬውን ቤት የሚያይ ሰው ግን ሌላ ይናገራል። እንግዲህ ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። የሚለካው ነገር ለሰው ኑሮ የሚጠቅመው ነገር መሆን አለበት። «ስንት ኩንታል?» ብቻ ሳይሆን «ዕዳ ከተከፈለ በኋላ በጎተራና በኪስ ምን ቀረ?» መባል ይገባዋል።

5. የዝናቡን ለዝናብ፣ የፕሮግራሙን ለፕሮግራም

አሁን በጥንቃቄ እናስብ። ያ ገበሬ ከ800 ብር ወደ 300 ብር የወረደው በፓኬጁ ምክንያት ነውን? እስቲ ጎረቤቱን እንጠይቅ። ጎረቤቱ በፓኬጁ አልገባም። በዚያው ዓመት እንደ ድሮው 8 ኩንታል አገኘ፤ በ40 ብር ሸጠ። 8 ሲባዛ በ40፣ 320 ብር ነው። አያችሁ? ጎረቤቱም ወርዷል። ገቢያቸውን የቀነሰው በዋናነት የዋጋው መውደቅ እንጂ ፓኬጁ አልነበረም። በፓኬጁ የገባው ከጎረቤቱ ያነሰው በ20 ብር ብቻ ነው።

ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ዘንድሮን ከአምና ጋር ብቻ ስናወዳድር እንሳሳታለን። ምክንያቱም በአምናና በዘንድሮ መካከል የሚለወጠው ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ይለወጣል፤ ዋጋው ይለወጣል፤ በሽታና ሰላምም ይለዋወጣሉ። በጎ ዝናብ የሰጠውን ምርት «ፕሮግራሙ ሰጠ» የሚል ሪፖርት ብዙ ነው። ድርቅ የወሰደውን ምርት «ፕሮግራሙ አጠፋ» የሚል ሐሜትም አይጠፋም።

መፍትሔው ጎን ለጎን ማየት ነው። በወንዝ ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች አሉ እንበል። አንዱ ፕሮግራሙን አገኘ፤ ሌላው አላገኘም። ሁለቱም አምና ከሄክታር 10 ኩንታል ያገኙ ነበር። ዘንድሮ ፕሮግራሙ ያለበት 15 ኩንታል አገኘ። ፕሮግራሙ የሌለበትም በጥሩ ዝናብ ምክንያት 13 ኩንታል አገኘ። ታዲያ ፕሮግራሙ የጨመረው ስንት ነው? «5 ኩንታል» የሚል ይሳሳታል። 3ቱን የሰጠው ዝናቡ ነው። የፕሮግራሙ ድርሻ 2 ኩንታል ነው።

ነገር ግን የሚወዳደሩት ሁለቱ ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ደጋን ከቆላ፣ ጥቁር አፈርን ከቀይ አፈር፣ መንገድ ዳር ያለውን ቀበሌ ከገደል በታች ካለው ጋር ማወዳደር ፍርድ ያጣምማል። ደግሞም ለፕሮግራሙ የተመረጡት ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው ጠንካራ ገበሬዎች ብቻ ከሆኑ፣ ያለ ፕሮግራሙም ከሌላው የተሻለ ያመርቱ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም።

6. መጀመሪያ ደርሷል ወይ?

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የምንለው ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ በፊት ረኃብ በመጣ ቁጥር እርዳታ በጥድፊያ ይለመን ነበር። በዚህ ፕሮግራም ግን በየዓመቱ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሚሊዮኖች ቀድመው ተመዝግበው፣ መሥራት የሚችሉት በእርከን፣ በመንገድና በመሳሰለው ሥራ ላይ ተሰማርተው፣ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኙ ታሰበ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕመምተኞች ያለ ሥራ እንዲያገኙ ተወሰነ። ዓላማው ሰው በችግር ጊዜ በሬውንና ላሙን ሸጦ እንዳይበላ ነው።

ተመራማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። በፕሮግራሙ የታቀፉትን ካልታቀፉ መሰሎቻቸው ጋር አወዳደሩ። ያገኙት መልስ አስገራሚ ነበር። በአማካይ ሲታይ ለውጡ ትንሽ ነበር። «ታዲያ ፕሮግራሙ አይረባም» ልንል ነውን? ቆይ፣ አንቸኩል። ጠልቀው ሲመረምሩ ብዙ ቤተሰብ የደረሰው ከታቀደለት በጣም ያነሰ እንደ ነበር ታወቀ። ከታቀደው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ቤተሰቦች ግን ምግባቸው ተሻሽሎ ተገኘ። በዚህ ላይ የእርሻ ምክርና ብድር የተጨመረላቸው ደግሞ የበለጠ ተጠቅመው ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? መድኃኒት ታዞለት ግማሹን እንኳ ያልዋጠ በሽተኛ ባይድን መድኃኒቱን መውቀስ አይገባም። በመጀመሪያ «በተባለው መጠን ደርሷል ወይ? በተባለው ጊዜ ደርሷል ወይ? ለተባለለት ሰው ደርሷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ለክረምቱ ችግር የታሰበ ገንዘብ መኸር ከገባ በኋላ ቢደርስ፣ ሰውየው ፍየሉን አስቀድሞ ሸጧል። በወረቀት ላይ ግን «ተከፍሏል» ነው የሚለው።

7. የዳኑ ልጆች

መመዘን ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ጥሩ ሥራ ጥሩነቱ እንዲታወቅም ነው። የሕፃናትን ጤና እንመልከት።

በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይህ ከ6 ልጆች አንድ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ቁጥሩ 123 ሆነ። በ2003 ዓ.ም. 88 ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 67 ደረሰ። ከ166 ላይ 67 ሲቀነስ 99 ይቀራል። ከ1000 ልጆች ውስጥ 99ኙ፣ ቀድሞ ቢሆን ይቀበሩ የነበሩት፣ አደጉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው ከቢሮ ሪፖርት አይደለም። ጠያቂዎች በየቤቱ እየገቡ እናቶችን «ስንት ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አለ?» ብለው ጠይቀው ነው።

በነዚህ ዓመታት ምን ተሠራ? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተዘረጋ። ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ30 ሺህ በላይ ነበሩ። ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወባ አጎበር፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ቤት ለቤት አስተማሩ።

ግን ከላይ የተማርነውን አንርሳ። በዚያው ጊዜ መንገድ ተሠርቷል፤ ትምህርት ቤት በዝቷል፤ አጎበርና ክትባት ከውጭ በብዛት ገብቷል። ስለዚህ «የ99ኙን ልጆች ሕይወት ያዳነው አንዱ ፕሮግራም ነው» ማለት ልክ አይሆንም። ብዙ እጆች ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ግን ከነሱ አንዱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከተወለዱ አንድ ወር ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ከ1000 49 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 29 ሆኑ። እነዚህም ቀንሰዋል። ነገር ግን እንደ ትልልቆቹ ሕፃናት በፍጥነት አልቀነሱም። በ1992 ከሚሞቱት 166 ሕፃናት መካከል ከሦስት አንድ እንኳ የማይሞሉት ገና ጨቅላ ነበሩ። በ2008 ግን ከ67ቱ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጨቅላዎች ሆኑ። ይህ የቀረው ሥራ የት እንደ ሆነ ያሳየናል። የቀረው ሥራ በምጥና በወሊድ ጊዜ ነው። ጥሩ ምዘና ያለፈውን አይቶ አያቆምም፤ ወደፊት ወዴት መሄድ እንዳለብን ያመለክታል።

8. ምስክር ወረቀትና ማንበብ

ይህ ምሳሌ ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ገጽ የምታነቡትን እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከ100 ከ10 አይበልጥም ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ብዙ ሚሊዮን ሰው ምስክር ወረቀት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። በ1970ዎቹ ማብቂያ መንግሥት ከ100 ሰው ከ60 በላይ ማንበብ እንደሚችል ይናገር ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ማንበብና መጻፍ እንደሚችሉ የተቆጠሩት ከ100 ወደ 23 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? አንደኛ፣ ምስክር ወረቀት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ማንበብ ግን ካልተለማመዱት ይጠፋል። በብዙ ቦታ ከፊደል በኋላ የሚነበብ መጽሐፍ አልነበረም። ሁለተኛ፣ በመካከሉ ጦርነትና ረኃብ ነበር። ሦስተኛ፣ ከዘመቻው በኋላ የደረሱ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት አላገኙም። አራተኛ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ከተሰጠው ምስክር ወረቀት የተነሣ ነው፤ ሁለተኛው ሰዎች በቆጠራው ቀን የሰጡት መልስ ነው።

«ታዲያ ዘመቻው ከንቱ ነበር» አንልም። ደብዳቤ ማንበብ፣ ስሙን መፈረም፣ የሚዛን ቁጥር ማየት የቻለ ብዙ ሰው ተገኝቷል። ነገር ግን መመዘን የነበረበት በምስክር ወረቀቱ ቀን ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት፣ ከአምስት ዓመትም በኋላ ነበር። በጊዜው ቢመዘን ኖሮ ሰው ከመርሳቱ በፊት የንባብ መጽሐፍ በብዛት ይታተም ነበር።

9. የውሸት ሪፖርት ሰው ይገድላል

አንዳንድ ሰው «እውነቱን ብናገር ምን አገባኝ? ጎብኚ ሲመጣ ጥሩ ነው ብዬ ልሸኘው» ይላል። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው። ነገር ግን ይህ አክብሮት ዋጋ ያስከፍላል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲራብ፣ ወሬው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየለዘበ፣ እየተሸፈነ ይሄድ ነበር። አለቃውን ማስከፋት የማይፈልግ ሹም ደኅና ነው ብሎ ይጽፋል። ከዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው አምጥተው በአዲስ አበባ ካሳዩ በኋላ ነው ነገሩ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሺህ ሰው አልቆ ነበር። እህል በጊዜው ለመላክ ያስፈልግ የነበረው እውነተኛ ወሬ ነበር።

ስለዚህ «ጥሩ ነው» ተብሎ የሚጻፍ ውሸት ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድጓዱ ደርቆ ሳለ «ይሠራል» ከተባለ ጠጋኝ አይላክም። ሰው ተርቦ ሳለ «ጠግቧል» ከተባለ እህል አይመጣም። በሌላም በኩል የተገኘውን ደብቆ «ምንም አላገኘንም» ማለት እኩል ውሸት ነው። የሚጠቅመውን ሥራ ያዘጋል።

10. በቀበሌያችን ምን እናድርግ?

አሁን መጻፍና መቁጠር ትችላላችሁ። ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ትችላላችሁ።

ሀ. አንድ ደብተር ያዙ። ፕሮግራም ሲጀመር ምን ተስፋ እንደ ተሰጠ፣ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅና ምን ያህል እንደ ተመደበለት ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። የተጻፈ ተስፋ አይካድም።

ለ. ከመጀመሩ በፊት ያለውን ለኩ። ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከሄክታር ስንት ኩንታል ይገኛል? የፊቱ ካልተጻፈ የኋላው ለውጥ አይታወቅም።

ሐ. ሥራው ካለቀ በኋላ በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱም ተመልሳችሁ ቁጠሩ።

መ. የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ስለ ውሃ ሴቶችን ጠይቁ፤ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸውና። ስለ ሴፍቲኔት ሳይመዘገቡ የቀሩትን ድሆች ጠይቁ። ስለ ግጦሽ እረኞቹን ጠይቁ። በስብሰባ ላይ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ከፊት ያለው የማያውቀውን ያውቃል።

ሠ. ፕሮግራሙን ካላገኘው ከጎረቤት ቀበሌ ጋር አወዳድሩ።

ረ. ወጪውን አስቡ። ጥቅም ቢገኝም የፈጀው ጉልበትና ገንዘብ ለሌላ ሥራ ቢውል የበለጠ ይሰጥ ነበር ወይ በሉ።

ሰ. ያገኛችሁትን በስብሰባ ላይ ተናገሩ። መልካሙን መልካም፣ ክፉውን ክፉ በሉ። «ፕሮግራሙ መጥፎ ነው» ከማለት «ከአሥሩ ፓምፕ ስድስቱ ቆሟል፤ የጎደለው ጎማ ነው» ማለት ይበልጣል። ሰውን ከመስደብ ይልቅ ቁጥርን መናገር ይሻላል። ቁጥር በቀላሉ አይካድም፤ መፍትሔውንም ይጠቁማል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የውሃ ጉድጓድን ምሳሌ በማድረግ አራቱን ደረጃዎች ዘርዝሩ።
2. በ1970ዎቹ የተሠራው እርከን በብዙ ቦታ የፈረሰው ለምንድን ነው? የኮንሶው ለምን ቆየ?
3. አንድ ቀበሌ አምና 12 ኩንታል፣ ዘንድሮ 18 ኩንታል ከሄክታር አገኘ። ፕሮግራም የሌለው ጎረቤቱ አምና 12፣ ዘንድሮ 16 አገኘ። የፕሮግራሙ ድርሻ ስንት ነው? አስሉ።
4. በቀበሌያችሁ ባለፉት አምስት ዓመታት የተሠራ አንድ ሥራ ምረጡ። ዛሬ ይሠራል? ማን ተጠቀመ? ማን ቀረ? በደብተራችሁ ላይ በአሥር መስመር ጻፉና በሚቀጥለው ስብሰባ አንብቡት።